የአንድ ጎን ፍሬን

ትራክተር ሁለት የፍሬን ፔዳል እንዳለው የማታውቁ ብዙ ትሆናላችሁና ከዚሁ ልጀምር። ቀኙ ፔዳል የቀኙን የኋላ ጎማ ይይዛል፤ ግራው የግራውን። እርሻ ውስጥ ቶሎ ለመዞር አንዱን ብቻ ትረግጣላችሁ። መንገድ ላይ ስትወጡ ግን ሁለቱን ፔዳሎች በአንዲት ብረት ታያይዟቸውና አብረው ይረገጣሉ። ሁለቱም እኩል ከያዙ ትራክተሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዱ ይዞ ሌላው ካልያዘ ወደያዘው ጎን ይዞራል። ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ይህችን ነገር ለአንድ ሰው ሳልነግር ቀረሁ።

ያን ጊዜ ዳባት ከተማ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ነበረችኝ። ጋራዥ እላታለሁ እንጂ ዝናብ ሲመጣ እኔ ውጭ፣ መኪናው ውስጥ ነበር የምንሆነው። ሙያውን የተማርኩት በደርግ ጊዜ ውትድርና ላይ ነው። ሰባት ዓመት የጦር መኪና ስጠግን ኖሬ፣ ሠራዊቱ ሲበተን አንድ ሣጥን መፍቻ ይዤ አገሬ ገባሁ። ማዕረጉ እዚያው ቀርቶ ስሙ ተከትሎኝ መጣና ሰዉ ሁሉ «አሥር አለቃ ደምሴ» ይለኛል። በእጄ ሥራ የምኮራ፣ ቀልድ የማልችል፣ ካኮረፍኩ የማልመለስ ሰው ነበርኩ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ «አንተን ከማስታረቅ ጅብና አህያን ማስታረቅ ይቀላል» ትለኝ ነበር። አልተሳሳተችም።

ትራክተሩ የጋሼ ውበት ነበር። ጋሼ ውበት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ ባለው ጉብታ ላይ የሚኖሩ፣ አገር የሚያስታርቁ ትልቅ ሰው ናቸው። ትራክተሩ ድሮ የገበሬዎች ማኅበር ነበር፤ ማኅበሩ ሲፈርስ ዶሮ ሲያድርበት ኖሮ እሳቸው ገዙት። እኔ ነፍስ ዘራሁበት፣ ሙላት ነዳው። ሙላት የበየዳ ሰው ነው፤ ለሥራ መጥቶ ዳባት አግብቶ የቀረ። ረዥም፣ ሳቂታ፣ አፉ የማያርፍ። አሥር ዓመት ያህል ከአንድ ሰሃን በልተናል። እኔ «ሙሌ» እለዋለሁ፤ እንደዚያ ብዬ የምጠራው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የተጣላነው በቀልድ ነው። የትራክተሩን ፍሪሲዮን ሠርቼ ሰጠሁት፤ በሁለተኛው ቀን ተበላሸ። ያን ዕለት ማታ ጠላ ቤት ተቀምጠን፣ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «አሥር አለቃን ደርግ ያስተማረው መፍታት ብቻ ነው፤ መግጠሙን ሊያስተምረው ሲል መንግሥት ወደቀ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዛሬ ሳስበው እኔም እስቃለሁ፤ ጥሩ ቀልድ ነበር። ያን ጊዜ ግን ጠላዬን ሳልጨርስ ብድግ ብዬ ወጣሁ። «ኧረ ደምሴ! ኧረ ቀልዴን ነው!» እያለ እስከ በሩ ተከተለኝ። ዞሬ አላየሁትም።

ሁለት ወር ሙሉ አልተነጋገርንም፤ አይ፣ እውነቱን ልናገር፣ እኔ ነኝ ያልተናገርኩት። እሱ ሰላምታውን አላቋረጠም። አስቂኙ ነገር ደግሞ ሥራችን አንድ ነው። አንድ ትራክተር ሥር ተኝተን እኔ «ጋሼ፣ ለዚያ ሰውዬ ይንገሩልኝ፣ መሪውን ወደ ግራ ያዙር» እላለሁ። ጋሼ ውበት ከአጠገባችን ቆመው «ሙላት፣ ወደ ግራ አዙር» ይላሉ። ሙላት «ለአሥር አለቃ ንገሩልኝ፣ ዞሯል» ይላል። ሽማግሌው መሐላችን ቆመው ቃላችንን ያመላልሳሉ።

ግንቦት ሲገባ ፍሬኑ ፈጽሞ እንቢ አለ። ሙላት ለማቆም ሲፈልግ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እግሩ ፔዳሉ ላይ ይቆምበታል፤ የሰውነቱን ክብደት ሁሉ ጥሎበት ገና በግድ ያዝ ያደርገዋል። ጎንደር ወርጄ አዲስ የፍሬን ሸራ ለሁለቱም ጎን ገዛሁ። ሸራ ማለት ከውስጥ ሆኖ ጎማውን ጨምቆ የሚያቆመው ነገር ነው። ስመለስ ኮሶዬ ላይ ጉም ይዞን እዚያው አደርንና ግንቦት አሥራ አንድ ቀን ጠዋት ዳባት ደረስኩ። በማግስቱ አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ነው። ቤቴ አልገባሁም፤ በቀጥታ ወደ ጉብታው ወጣሁ። ሙላት በዚያ ቀን ደባርቅ ገበያ ሄዶ ስለነበር እሰየው ብዬ ብቻዬን ሥራ ጀመርኩ።

ቀኙ በቀላሉ እሺ አለኝ። አወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ አዲሱን ሸራ ገጠምሁ፤ ሥራዬን ራሴ ወደድኩት። ግራው ግን ዝጎ እንደ ድንጋይ ተጣብቋል። ብቀጠቅጠው፣ ጋዝ ባጠጣው፣ ብሰድበው አልላቀቅ አለ። ስታገል ፀሐይ ዘቀዘቀች። በመጨረሻ ሲከፈትልኝ ጋሼ ውበት ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤት ወጡ።

«ደምሴ፣ በቃህ ሰብስብ። የሚካኤል ዋዜማ ነው።»

«ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ቢታገሡኝ እጨርሰዋለሁ። ግራው ብቻ ነው የቀረኝ።»

«አምና በረዶው ያደረገንን ረሳኸው? በበዓል እንጨት የፈለጠ ሰው አለ ተብሎ አገር ሲታመስ ከረመ። አንተ እዚህ ጉብታ ላይ መዶሻ ስታስጮህ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል። ነገ በረዶ ቢጥል ‘ውበት ግቢ ብረት ሲቀጠቀጥ ነበር’ ሊሉኝ ነው? ተው ልጄ፣ ተው።»

በልቤ ተነጫነጭኩ እንጂ አልተከራከርኳቸውም። ከዚያ አገር ሰው ጋር በበረዶ ነገር አይቀለድም። ትራክተሩ በክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ማደር ስለማይችል የግራውን አሮጌ ሸራ እንደነበረ መልሼ ጎማውን አሰርሁ። ዘይት የጠጣ፣ የማይዝ ሸራ ነው። ቀኙ አዲስ፣ ግራው የሞተ።

እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ «እንግዲያው ጋሼ፣ ለዚያ ሰውዬ ይንገሩልኝ» አልኳቸው። «የተሠራው ቀኙ ብቻ ነው። እስክጨርሰው እንዳይነዳው።»

«አልናገርም።»

«እንዴት?»

«አልናገርም አልኩህ። ሁለት ወር ሙሉ የእናንተ ፖስታ ቤት ሆኜ ከረምኩ። ነገ ተረኛው አንተ ነህ። ከጽዋው በፊት ይቅር ትባባላላችሁ፤ ያን ጊዜ በገዛ አፍህ ትነግረዋለህ። እስከዚያ ደግሞ በሚካኤል ቀን ትራክተር ማን ያስነሣል?»

ሦስታችንም የአንድ የሚካኤል ማኅበር አባላት ነበርን። በየወሩ በአሥራ ሁለት በአንዱ ማኅበርተኛ ቤት በመልአኩ ስም እንበላለን፣ እንጠጣለን። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋውን አይቀምስም። ሁለት ወር ጽዋው እኔና ሙላት ጋ ሲደርስ አልፎን ይሄድ ነበር። በማግስቱ ዝክሩ የሚደረገው እኔ ቤት ነው፤ እርቁም እዚያው እንዲሆን ሽማግሌዎች ጨርሰዋል። ስለዚህ የጋሼ ነገር ትክክል መሰለኝ። እውነትም በሚካኤል ማን ይነዳዋል? ሣጥኔን ተሸክሜ ቁልቁል ወረድኩ።

ቤተ ክርስቲያኑን አልፌ ጠባቧ መንገድ ላይ ስደርስ ከፊት ለፊቴ ሙላት መጣ። ከደባርቅ በጭነት መኪና ተሳፍሮ አሁን መውረዱ ነው፤ ጫንቃው ላይ ጨው ይዟል። መሸሻ የለም።

«ደህና አመሸህ፣ አሥር አለቃ?»

ዝም አልኩ። እሱ ግን አላሳለፈኝም፤ ቆመ።

«ፍሬኑ ተሠራ?»

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እዩኝ። በአንድ እጄ የመፍቻ ሣጥን፣ በሌላው ዘይት የጠጣ ጨርቅ ይዣለሁ። መልሱ ምላሴ ላይ ነው። ግን አንድ ቃል ካወጣሁ ኩርፊያው አለቀ ማለት ነው፤ ሁለት ወር ያቆየሁትን ኩርፊያ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ «ይቅርታ» ሳልባል፣ መንገድ ላይ በነጻ መስጠት መሰለኝ። ነገ ሰው ፊት ይለምነኛ! እናም ራሴን ነቀነቅኩለት። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ ጎኑን ገፍቼ አለፍኩ።

ከኋላዬ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ሳልናገር በማለፌ ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቃችሁም።

በማግስቱ ጠዋት ቤቴ ቀውጢ ነበር። የከተማው ቧንቧ ከደረቀ ቀናት አልፈዋል፤ ጥሩወርቅ «ለማኅበርተኛው እጅ ማስታጠቢያ እንኳ የለኝም፣ ጉድ ልሆን ነው!» እያለች ትዞራለች። «መልአኩ ያውቃል» ብያት ወደ ቅዳሴ ወጣሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ ከወንዶቹ ጋር ከቅጥሩ ውጭ የጽድ ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ አንዱ «ዛሬስ በረዶም የለ» ብሎ ሲስቅ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ከጉብታው ላይ ሞተር ተነሣ።

የዚያን ሞተር ድምፅ ከእናቴ ድምፅ እኩል አውቀዋለሁ። መጀመሪያ «የሚያሞቀው ሰው ይሆናል» አልኩ። ሰዎቹ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ሞተሩ ትንሽ ጮኸና ዝቅ አለ፤ ማርሽ ገባ። ብድግ አልኩ።

«አሥር አለቃ፣ ወዴት ነው?» አሉኝ። አልመለስኩም፤ እየሮጥኩ ነበር። ነጠላዬ የሆነ ቦታ ወደቀ።

ከጋሼ ግቢ የሚወርደው መንገድ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ይዞ ይዞርና ቁልቁል ወደ ምንጩ ይወርዳል። በስተቀኙ ጎርፍ የቦረቦረው ገደላማ ቦይ አለ። ቅጥሩን ስዞር ትራክተሩ ከፊቴ አልፎ ቁልቁለቱን ጀምሯል፤ ከኋላው ተሳቢውን ይጎትታል፤ ተሳቢው ላይ አራት ባዶ በርሜል ይንኳኳል። ሙላት የበዓል ልብሱን ለብሷል።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ብዙ ዘመን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም አልተናገርኩም። በአንደኛ ማርሽ ነበር የሚወርደው። በከባድ ማርሽ ሲወርድ ትራክተሩን ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ፍሬን አያስፈልገውም። ቀስ እያለ ታች ሜዳው ላይ ደርሶ በራሱ ሊቆም ይችል ነበር። መካኒክ ነኝ፤ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ግን በዚያች ሰዓት መካኒክነቴ የት እንደገባ እንጃ። ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ስሙን ጠራሁት።

«ሙሌ! ሙሌ!»

ሰማኝ። ዞር ብሎ አየኝ። ሳቀ፤ ጥርሱ በሙሉ ታየኝ። እጁን አነሣልኝ። እና እኔን ሊጠብቀኝ፣ እንደለመደው ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እግሩ ፔዳሉ ላይ ቆመበት።

ቀኙ ወዲያው ያዘ። የትራክተሩ አፍንጫ ወደ ቀኝ ተወረወረ፤ ተሳቢው ከኋላ ገፋው። ከዚያ ምን እንደሆነ በደንብ አላየሁም፤ አቧራ ነው ያየሁት። በርሜሎቹ ቁልቁለቱን እየተንከባለሉ ለረዥም ጊዜ ሲጮኹ እሰማ ነበር።

ቦዩ ውስጥ ስደርስ ትራክተሩ ተገልብጦ መሪው ደረቱ ላይ ነበር። በእጄ አፈሩን ቧጠጥሁ። ወንዶቹ ደረሱ፤ ነጠላቸውን እየጣሉ የባሕር ዛፍ አጠና ይዘው «ሆ! ሆ!» እያሉ ለማንሣት ታገሉ። ሙላት ዓይኑ ክፍት ነበር። ጎንበስ አልኩለት።

«ያዘ እኮ» አለኝ። ድምፁ በጣም ቀጭን ነበር። «ደምሴ… ያዘ። እጅህ ይባረክ።»

«አትናገር፣ ሙሌ። ዝም በል። አሁን እናወጣሃለን።»

አወጣነው። በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ዋናው መንገድ ስንሮጥ፣ መኪና ሳናገኝ፣ መንገዱ ጋ ሳንደርስ አለፈ። ከፊት የነበሩት አላወቁም፤ ትንሽ ሮጡ። እኔ እጁን ይዤ ስለነበር አወቅሁ። «አውርዱት» አልኳቸው።

ወዴት ይሄድ እንደነበር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሚስቱ እቴነሽ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የጥሩወርቅን ውኃ ማጣት ነግራዋለች። እሱም «በእርቄ ቀን ባዶ እጄን አልሄድም» ብሎ ጋሼን ሳያስፈቅድ ትራክተሩን አስነሣ። ውኃ ሊቀዳ ነው፤ ወደ እኔ ቤት።

ያን ቀን ጽዋ አልተጠጣም። በማግስቱ ቀበርነው። ድንኳን ውስጥ ስገባ ሹክሹክታው ቁርጥ ይላል። ጥሩወርቅ ሴቶቹ የሚሉትን ሰምታ መጣች። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ለተጣላ ሰው ፍሬን ያሠራሉ?» ነው የሚባለው። ሁለት ወር መኳረፋችንን የማያውቅ የለም። አንድ ጎን ብቻ መሠራቱንም የተገለበጠውን ያዩ ሰዎች አውቀዋል። የሙላት ታላቅ ወንድም ከበየዳ በእግሩ መጥቶ ደረሰ። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አላለቀሰም፤ ያየኛል ብቻ። አገራችን ነውና ያ አስተያየት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ውበት ከድንኳኑ መሐል ብድግ አሉ። ዱላቸውን ተደግፈው ነበር፤ በሦስት ቀን ውስጥ አርጅተዋል።

«ስሙኝ» አሉ። «ይህ ሰው ‘ግራው አልተሠራም፣ እንዳይነዳው ንገሩት’ ብሎኛል። አልናገርም ያልኩት እኔ ነኝ። ሥራውንም ያስቆምኩት እኔ ነኝ፤ በረዶ ፈርቼ። ላስታርቅ ብዬ ገደልኩት። ደም የሚፈልግ ካለ እኔ እዚህ አለሁ።»

ወንድምየው መሬት መሬት አየ። ከዚያ ጠመንጃውን ከጉልበቱ አንሥቶ ከኋላው አስቀመጠ። «አባቴ፣ ይቀመጡ» አላቸው።

እዚያ ላይ መነሣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። «ማታ መንገድ ላይ ጠይቆኝ ነበር፤ ራሴን ነቀነቅኩለት» ማለት ነበረብኝ። «ፍሬኑንም የረገጠው እኔ ስለጠራሁት ነው» ማለት ነበረብኝ። ሰባት ዓመት ወታደር የነበርኩ ሰው፣ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። ሽማግሌው የእኔን ድርሻ ተሸክመው ሲቀመጡ አየሁና ዝም አልኩ። ጋሼ ከዚያ በኋላ ማንንም አስታርቀው አያውቁም። «ሌላ ሰው ፈልጉ» እያሉ ጥቂት ዓመት ኖረው ሞቱ።

ከአርባው በኋላ የእቴነሽን ጣሪያ ክረምቱ ሳይገባ ላድስላት ሄድኩ። ሥራውን ጨርሼ ስወርድ እጄን አስታጠበችኝና «ደምሴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ልብህ እንዲያርፍ ነው» አለችኝ።

«ምንድን ነው?»

«ያን ዕለት ማታ ከደባርቅ እየሳቀ ገባ። ‘ምን ተገኘ?’ ብለው ‘ደምሴ ራሱን ነቀነቀልኝ! በቃ ታረቅን፤ የነገው ለሽማግሌዎቹ ወግ ነው’ አለኝ። ሁለት ወር እንደዚያን ቀን እራት በልቶ አያውቅም። ተጣልታችሁ አልሞተም። እሱን እንድታውቅልኝ ነው።»

ውኃው ከእጄ ላይ እየተንጠባጠበ ቆሜ ቀረሁ። እንባዬ መጣ፤ አላስቆምኩትም። ከዚያ ሁሉን ነገርኳት፤ ራሴን መነቅነቄን፣ ጥያቄው ምን እንደነበረ፣ አንደኛ ማርሹን፣ ጥሪዬን፣ እንደሳቀልኝ፣ ከወንበሩ እንደተነሣ። አንድም አላስቀረሁም። ስጨርስ ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጠች።

«ለወንድሙ ተናግረሃል?»

«አልተናገርኩም።»

«እንዳትናገር። አንድ ሰው ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛ አልቀብርም።»

«ይቅር አልሽኝ ማለት ነው?»

«እንደሱ አልወጣኝም» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ። ጣሪያዋን አድሳለሁ፣ እህሏን አስወቃለሁ፤ እምቢ አትለኝም፣ ያን መልስ ግን እስከ ዛሬ አልሰጠችኝም። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኋት። በቅርቡ የሙላት ወንድም በሕመም አረፈ። እቴነሽ ሐዘኑን ደርሳ ከበየዳ ስትመለስ ጋራዤ በር ላይ ቆማ «አሁን ከፈለግህ ተናገር» ብላኝ ሄደች። ለዚህ ነው የነገርኳችሁ።

ስለ ኩርፊያ ልመክራችሁ አልችልም፤ መካሪ የሚሆን ሰው ራሱ የዳነ ነው። ግን ጋራዤ የሚመጡ ሰዎች «አሥር አለቃ ለፍላፊ ሆነ» ይላሉ፤ እውነት ነው። ያልተጨረሰ ሥራ ካለ ለባለቤቱ እነግራለሁ፣ ለሾፌሩ እነግራለሁ፣ ለረዳቱ እነግራለሁ፤ የሰደበኝ ሰው ቢሆን ቤቱ ድረስ ሄጄ በሩን አንኳኩቼ እነግረዋለሁ። በዓልም ቢሆን፣ ቢመሽም እሄዳለሁ። እናንተም አሁን፣ ይህን እያነበባችሁ፣ ፊታችሁን ያዞራችሁበት ሰው ትዝ ብሏችሁ ይሆናል። ምናልባት የበደላችሁ እሱ ነው፤ ሊሆን ይችላል። እኔም ተበድዬ ነበር፤ ቤት ሙሉ ሰው ስቆብኝ ነበር።

ለሙላት መናገር የነበረብኝ ሦስት ቃል ነው፦ ግራው አልተሠራም፣ አትንዳው።